የገባበት ሌላ፣ የተንጠባጠበበት ሌላ

ሐምሌ ውስጥ ነው። ከላሊበላ የተነሳችው ሚኒባሳችን ማምሻውን ኩልመስክ ገብታ ስትቆም ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ወረዱ። ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። ከወንበሩ ሥር ያስቀመጡትን ከረጢት ረዳቱ ጎትቶ ሲያወጣው ከታቹ ውሃ ይንጠባጠባል። ውስጡ ለአራሷ ገንፎ የተፈጨ የገብስ ዱቄት ነበር። ግማሹ ሊጥ ሆኗል።

እናቲቱ ከረጢቱን ከፍተው አዩና «ምን ይደረግ፣ የእግዜር ውሃ ነው» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሐፍረቴን የማወርድበት ሰው ፈለግሁ፤ ልጄ ደግሞ መሪው አጠገብ ቆሟል። «መስኮቱን ዝጋ ስንት ጊዜ ነው የምልህ?» ብዬ በሰው ፊት ጮህኩበት። መልስ አልሰጠኝም። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጦ ወደ ቤት ገባ።

ይህን የምጽፈው አሮጌ መኪና ላላቸው ብቻ አይደለም። ልጅ ላላቸውም ጭምር ነው።

ሚኒባሷን የገዛናት እኔ ከመምህርነት በጡረታ ስገለል ነው። ያጠራቀምኳት ገንዘብ ላይ ከቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደርኩት ተጨምሮበት የተገዛች ቶዮታ ሃይስ ናት፤ ሕዝቡ «ዶልፊን» የሚላት ዓይነት። ዕድሜዋ ከልጄ ዕድሜ ብዙም አያንስም። ሞተሯ ደህና ነው። ችግሯ ክረምት ሲገባ ነው። በሰኔ የኋላው ወንበር ይረጥባል፣ በሐምሌ ምንጣፉ ይሸታል፣ በነሐሴ ተሳፋሪው ከኋላ መቀመጥ ትቶ መተላለፊያው ላይ ይጨናነቃል።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ሁለት ጊዜ ጋራዥ ወስጃታለሁ። በመጀመሪያው የኋላውን መስኮት ዙሪያ ሲሊኮን ቀቡልኝ። በሁለተኛው በቀባው ላይ ሌላ ሲሊኮን ደረቡበት። ሜዳ ላይ አቁመው ውሃ ደፉባት፤ አንድም ጠብታ አልገባም። ከፍለን ወጣን። በሳምንቱ ከባድ ዝናብ ጣለ፣ ወንበሩም ረጠበ። እንግዲህ ጋራዡ ውሃ እንደማታስገባ በዓይኔ ካሳየኝ፣ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? የሹፌሩ! መስኮት ከፍቶ ይነዳል፣ ሲያጥባት ውሃ ያበዛል፣ በሩን አላግባብ ይዘጋል። እንዲህ እያልኩ ክረምቱን በሙሉ ልጄን ስወቅስ ከረምኩ።

ልጄ ሁለት ጊዜ አንድ ነገር ነግሮኛል። «አባዬ፣ ዳገት ስወጣ ነው የሚብሰው።» አንዴ እራት ላይ፣ አንዴ ነዳጅ ስንቀዳ። ሁለቱንም ጊዜ ምክንያት መደርደር መሰለኝ። ሠላሳ ዓመት ተማሪ ሳስተምር፣ አንድ ልጅ ያው መልስ ሁለት ጊዜ ከሰጠ ቆም ብለህ ስማው ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ለገዛ ልጄ ግን ይህን አላደረግሁም።

የዱቄቱ ነገር ከሆነ በኋላ ልጄ ላሊበላ ማደር አበዛ። ባለቤቴ አንድ ማታ ቡና እያፈላች፣ ዓይኗን ከጀበናው ሳታነሳ፣ «መኪናዋ ውሃ ታስገባለች፤ አንተ ደግሞ ልጁን ከቤት እያስወጣህ ነው» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም።

እሑድ ጠዋት ልጄን ጠራሁትና «ዳገት ስትወጣ ነው ያልከኝን እስቲ አሳየኝ» አልኩት። ጥቂት አየኝና «መጀመሪያ ትድረቅ» አለ። ሁለት ቀን ሸራ አልብሰን፣ ዝናብ ባቆመ ቁጥር በሮቿን ከፍተን አደረቅናት። ምንጣፉን አነሳን። ከጣሪያው ውስጠኛ ልብስ የኋላውን ጠርዝ ቀስ ብለን ፈታን።

ከዚያ የእኔ ሙያ ገባ። ቤት የቀረኝን ጠመኔ በሙቀጫ ወቅጬ ዱቄቱን በመስኮቶቹ ሥር፣ በበሩ ደፍና በወለሉ ላይ ነሰነስኩት። ውሃ በደረቅ ጠመኔ ላይ ሲያልፍ መንገዱን ጽፎ ይሄዳል። ጠብታው ቢደርቅ እንኳ መስመሩ ይቀራል።

የልጄ ሐሳብ ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ነበር። መኪናዋን ከቤታችን በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጎ አቆማት፤ ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ አስደገፈ። «ጋራዡ ሜዳ ላይ ነው የሞከራት። እኛ የምንነዳው ሜዳ ላይ አይደለም» አለ። ላስታን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

እሱ የእጅ ስልኩን መብራት ይዞ ከውስጥ ተቀመጠ፤ እኔ ጀሪካንና ጣሳ ይዤ ከውጭ። ደንቡ አንድ ነው፦ ከታች ወደ ላይ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ያረጥበውና የቱ ጋ እንደገባ አይታወቅም። መጀመሪያ የበሩን ሥር አጠጣሁ፤ አምስት ደቂቃ ጠበቅን፤ ደረቅ። የመስኮቶቹን ጎማ አንድ በአንድ፤ ደረቅ። የተወቀሰው የኋላ መስኮት፣ ያ ሁለት ጊዜ ሲሊኮን የጠጣው፣ እሱም ደረቅ። የጣሪያውን ጠርዝ አሸንዳ አጠጣሁ፤ ደረቅ። ጣሪያው ላይ ወጣሁና ከፖርቶ መጋላው፣ ከዕቃ መጫኛው ብረት፣ በስተኋላ ያሉትን ብሎኖች አጠጣሁ። አሁንም ደረቅ።

ከሹፌሩ በላይ ወዳለው የፊት ብሎን ስደርስ ጣሳው ሊያልቅ ነበር። አፈሰስኩና ጠበቅሁ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። በሦስተኛው ግድም ከውስጥ፣ ከመኪናዋ ጅራት፣ ድምፅ መጣ፦ «መጣ! አባዬ፣ መጣ!»

ውሃው ከፊት ገብቶ በላሜራውና በውስጠኛው ልብስ መካከል ሽቅብ ያቆምነውን ጣሪያ ተከትሎ ወደ ኋላ ፈሶ፣ በኋላ ምሰሶው ወርዶ፣ እናቲቱ ዱቄታቸውን ያስቀመጡበት ወንበር ሥር ይንጠባጠባል። መኪናዋ ሜዳ ላይ ስትሆን እዚያው ጣሪያው ውስጥ ይቆያል፤ ዳገት ስትወጣ ይጓዛል። ከገባበት እስከ ተንጠባጠበበት የመኪናዋን ርዝመት ያህል ነው። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነስቶ ሱዳን ይደርሳል። ሱዳን ቆሞ ውሃውን የሚያይ ሰው ምንጩ እዚያው አጠገቡ ነው ቢል እንስቅበታለን። እኔ ግን ጣሪያዬ ላይ እንዲሁ አድርጌያለሁ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ያንን ብሎን ማን ተከለው? እኔ ነኝ። መኪናዋን በገዛን ዓመት ብዙ ዕቃ እንድትጭን ብዬ፣ በአሸንዳው ላይ ተቆንጥጦ የሚቆመውን መጫኛ አስወልቄ፣ ጣሪያውን አስበስቼ ትልቅ መጫኛ አስተከልኩ። ልጄ ያኔ «ላሜራው አይበሳ» ብሎ ነበር። ብሎኑ ሥር የጎማ ሮንዴላ እንኳ አልነበረም፤ ብረት በብረት ላይ ነው የታሰረው። ጭነቱ ሲያነቃንቀው ቀዳዳው ሰፋ፣ ዝገት በላው፣ ክረምቱም ገባበት።

ከጣሪያው ወርጄ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያለ ጥፋትህ ነው ስወቅስህ የከረምኩት» አልኩት። ልጄ ሳቀና «መጀመሪያ ወለሉን እንይ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋ። የኋላ ወንበር እግር የታሰረበትን ወለል በጣቱ ሲጫነው ጣቱ ገባ። ምንጣፉ ሥር ውሃው ስንት ክረምት ተኝቶ ላሜራውን እንደ ደረቅ እንጀራ ሰባብሮታል። አንዱ የወንበር እግር የያዘው በዝገትና በቀለም ብቻ ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢያዝ ወንበሩ ከነሰዎቹ ተነቅሎ ወደ ፊት ይመጣል። በዚያ ወንበር ላይ ስንት እናት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች! ዱቄት ተበላሸ ብዬ የተቆጣሁት ሰውዬ፣ ዱቄቱ ያስጠነቀቀኝን ሊገባኝ አልቻለም ነበር።

በማግስቱ ያለ ተሳፋሪ ላሊበላ ወደሚገኝ አንድ ባትላሜራ ወሰድናት። የዛገውን ወለል ቆርጦ አወጣና ወፍራም ላሜራ በየደበት፤ የወንበሩ እግር ሥር ተጨማሪ ብረት አስደገፈለት። ጣሪያውን የበሱትን ብሎኖች በሙሉ አስወለቅን። ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ያለው ዝገት እስከ ንጹህ ብረት ተፋቀ፣ በላሜራ ተደፍነው ተበየዱ፣ የዝገት መከላከያና ቀለም ተቀቡ። መጫኛውም ወደ ቀድሞው፣ በአሸንዳው ላይ ወደሚቆመው ተመለሰ። የምንጭነው ይቀንሳል፤ ይቀንስ።

ባትላሜራው የኋላውን መስኮት ሲሊኮን እየላጠ «ጋሼ፣ ይህ ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ ይሸት ነበር አይደል?» አለኝ። ይሸት ነበር። «እሱ አሲድ ነው፤ ላሜራ ያዝጋል። ለመኪና የሚሆነው ሌላ ነው፣ የላሜራ መጋጠሚያ ማሸጊያ ብለው ይጠይቁ።» የተላጠው ሲሊኮን ሥር ሌላ የዝገት ክብ ጀምሮ አየሁ። ሳይገባ የቀረ ውሃ ፍለጋ ከፍዬ ያሠራሁት መሆኑ ነው።

ብየዳው እስኪያልቅ ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ ወጣሁ። ቤተ መድኃኔ ዓለም ላይ ያለውን ትልቅ መጠለያ ስንት ዓመት ሳየው ኖሬያለሁ። በዚያ ቀን ግን እንደ ባለ መኪና አየሁት። እነዚያ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈሉ ጣሪያዎች በየክረምቱ በስንጥቃቸው ውሃ ያስገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ውሃውን ለማቆም ተብሎ ሬንጅ መሰል ነገር ተቀብተው ነበር። ቅቡ ግን እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ያዘው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በኢጣሊያዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው የጥገና ቡድን ያንን እየላጠ ማንሳት አንዱ ሥራው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ደግሞ መጠለያዎቹ ተተከሉ፤ እነሱም በተራቸው ክብደታቸው ለአካባቢው ሰው ስጋት ሆነ። እዚያ ቆሜ ሁለት ጊዜ ሲሊኮን ያስቀባሁትን መስኮት አሰብኩ። የውሃውን መንገድ ሳያገኙ መቀባት ትልቆቹንም አስቸግሯል።

አሮጌ ሚኒባስ ላለው ሁሉ ጥቂት ነገር ልበል። በበጋ፣ ዝናብ ሳይመጣ፣ በበሩና በመስኮቱ ውስጥ አቧራ መስመር ሠርቶ የገባበትን ይዩ፤ አቧራ የገባበት ውሃም ይገባበታል። በበሮቹ ታችኛ ጠርዝ ያሉትን ትንንሽ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት ይጥረጉ፤ ጭቃ ከደፈናቸው ውሃው በሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ወለሉ ይገለበጣል። ዝናብ ሳይኖር የፊቱ ምንጣፍ ከረጠበ የራዲያተሩን ውሃ መጠን ይዩ፤ ከማሞቂያው ቱቦ የሚያፈስ ሊሆን ይችላል። ምንጣፉን በዓመት አንዴ እንኳ አንስተው የወንበሮቹን እግር በእጅዎ ይነቅንቁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የሚነዳትን ሰው መቼ፣ የት፣ ምን ላይ ሲሆን እንደሚብስ ይጠይቁት። ሲመልስም ይስሙት።

ባለቤቴ ገብስ አሰናድታ፣ ቆልታ፣ አስፈጭታ ለአራሷ ላከች። ዱቄቱን ይዘን የሄድነው እኔና ልጄ ነን። እናቲቱ ገና ሲያዩን «ኧረ ምን አስቸኮላችሁ!» ብለው ተነሱ፤ ለእኛም ገንፎ ቀረበልን።

ስንመለስ ነሐሴ የሚያወርደውን አወረደው። እኔ ሆን ብዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ዳገቱ ላይ ልጄ በመስታወት እያየኝ «እንዴት ነው?» አለ። እጄን ወንበሩ ሥር አስገብቼ ወለሉን ዳሰስኩ። ከሙከራው ቀን የቀረ የጠመኔ ዱቄት ጣቴ ላይ ተነካ።

«ደረቅ ነው» አልኩት። «ንዳ።»