የታችኛው የዓይን ቆብ ሲሳብ

ፊቱ ተቃጥሎ የዳነ ሰው ያላቸው ቤተሰቦች «ነፍሱ ተርፋለች፤ መልኩ ምን ይደረግ!» ሲሉ እሰማለሁ። ከምስጋና የመጣ አባባል ስለሆነ ደፍሬ አልቃወመውም። የታችኛው የዓይን ቆብ ወደ ጉንጭ ተስቦ ቀዩ ውስጡ ሲታይ ግን ዝም ማለት አልችልም። የዚያ ሰው ዓይን አደጋ ላይ ነው።

የቃጠሎ ቁስል ሲድን ይኮማተራል። የቆብ ቆዳ በጣም ስስ ስለሆነ የጉንጩ ጠባሳ ይዞት ይወርዳል። እንባ የምትገባባት ትንሿ ቀዳዳም ወደ ውጭ ትዞራለች። ጉንጩ ቀኑን ሙሉ በእንባ እየራሰ ብሌኑ ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ሲብስም በነጭ ጠባሳ ይሸፈናል። እሳቱ ያልነካው ዓይን እንዲህ ሆኖ ሊጠፋ ይችላል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዟ ኢስት ግሪንስቴድ የተቃጠሉ አብራሪዎችን ያከመው አርቺባልድ ማኪንዶ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 አይሮፕላኑ ተመትቶ ፊቱና እጆቹ ለተቃጠሉት ለሪቻርድ ሂላሪ ከከንፈሩ አስቀድሞ የሠራለት የዓይን ቆብ ነው። መልክ ለማሳመር ቢሆን ከዚያ ይጀምር ነበር?

ዛሬም መሠረቱ አልተለወጠም። ሐኪሙ ጠባሳውን ፈትቶ ቆቡን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ለጎደለው ቆዳ ከላይኛው ቆብ ወይም ከጆሮ ጀርባ ወስዶ ይተክላል። የተተከለውም እንደሚኮማተር ስለሚያውቅ ሰፋ አድርጎ ይቆርጠዋል። ጠርዙ ከላላ በውጭው ማዕዘን በኩል ወጥሮ ይሰፋዋል። እጥረቱ በውስጠኛው ሽፋን ከሆነ ከላንቃ የተወሰደ ሥጋ ሊተካው ይችላል። አንዳንዱ ሰው ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ይህን አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው።

የሚያሳስበኝ ቀጠሮው ነው። ሐኪም «ጠባሳው እስኪለሰልስ ጥቂት ወራት እንጠብቅ» ሲል ቤተሰብ «ይቅር» ያለ ይመስለዋል። በተለይ የሚጥል በሽታ ኖሮበት ምድጃ ላይ የወደቀ ሰው ከሆነ፣ ድሮም ብዙ ጊዜ ከሰው ተለይቶ የሚኖር ስለሆነ፣ የሚያስታውሰው የለም። በእነዚያ ወራት ዓይኑ በጠብታና በቅባት መራስ አለበት። ብሌኑ መጎዳት ከጀመረ ደግሞ ወራት አይጠበቅም።

እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ማታ ሲተኛ ዓይኑ መግጠሙን እዩ። ካልገጠመ፣ ወይም ዓይኑ ቀልቶ ካመመው፣ ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ነገ ጠዋት ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።