ቀጭ ቀጭ የሚለው ዲስክ

የአሮጌው ኮምፒውተራችን ሀርድ ዲስክ ሰሞኑን «ቀጭ… ቀጭ» ማለት ጀምሯል። አንድ ፋይል እስኪከፍት ቡና ይፈላል። ውስጡ አያታችን ከማረፋቸው በፊት ተረት ሲነግሩን የቀዳነው ድምፅ አለ።

ምክር እንደሆነ ሞልቷል። አንዱ «ፎርማት አድርጉት» ይላል፤ ሌላው «ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት» (መብራት ካለ ነዋ!)። እርጥበት ይዞ ከወጣ ዲስክ ምን ይተርፋል? እኛ የምንለው፦ የታመመ ዲስክ መጀመሪያ ይቀዳል እንጂ አይጠገንም። በደቂቃ 7200 ጊዜ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ አንባቢው ራስ የሚንሳፈፈው ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ክፍተት ነው፤ ከነካው ይፍቀዋል። ቼክ ዲስክ ደግሞ እያነበበ እየጻፈ ያደክመዋል።

ኬብሉን ቀየርን፤ አንዳንዴ ጥፋቱ የእሱ ነውና። ድምፁ አልጠፋም። ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የጤና መዝገብ ስናይ የማይነበቡት ሴክተሮች እየጨመሩ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስን ትተን ከፍላሽ በኡቡንቱ ገባን። ዲዲሬስኪው የተባለው ፕሮግራም ጤነኛውን ክፍል ቀድሞ ይቀዳል፤ እምቢ ወዳለው በኋላ ይመለሳል። መዝገቡን ሌላ ዲስክ ላይ ካስቀመጣችሁለት መብራት ቢሄድ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል።

ማታ 3 ሰዓት ጀመርን። ይህን ስንጽፍ 71 በመቶ ደርሷል፤ የአያታችን ድምፅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ገና አልታወቀም።