«ማን ጀመረው?» ከማለታችን በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ከማስተማር ይልቅ የራሴን ጉድለት መናገር ነው። እናንተ ከእኔ ስሕተት ብትማሩ የኔ ማፈር ከንቱ አይቀርም።

በ2014 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገናኝተው ነበር። በዩኒቨርሲቲያችን መኝታ ክፍል ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው ጓደኛዬ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሙስሊም ነው። ሦስት ሳምንት ያህል ሁለታችንም ጾመኞች ነበርን፤ እኔ ሰዓቴ ደርሶ ስበላ እርሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቃል። የትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ ስመለስ ለሱሁር ተነሥቶ አገኘሁት። ከፔርሙሱ ሻይ ቀድቶልኝ «እንኳን አደረሰህ» አለኝ። የዚያን ዓመት የፋሲካ የመጀመሪያ ምኞት የሰማሁት ከእርሱ ነው።

በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 18፣ የጎንደር ወሬ ደረሰን። አንድ አረጋዊ የእስልምና ሊቅ ሲቀበሩ በቀብሩ ቦታ ግጭት ተነሥቶ፣ በሙስሊም ወገኖቻችን ላይ በተፈጸመው ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። የጠቡ መነሻ በአጠገቡ ካለው ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ተነሣ የሚል እንደ ሆነ ይነገር ነበር። እኔም ይህንኑ በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ሰምቼ ወደ ክፍል ገባሁ። ጓደኛዬ ስልኩን ይዞ በመስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ግን ማን ነው የጀመረው?» የሚል ነበር።

ዘወር ብሎ አየኝና «እናቴ ስልክ አታነሣም» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ያ ዕለት በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የትንሣኤ ሳምንት ማክሰኞ፣ «ቶማስ» የሚባለው ቀን ነው። የሐዋርያውን ነገር ታውቃላችሁ፤ የተወጋውን ጎንና የተቸነከረውን እጅ ካላየሁ አላምንም ያለው ነው። ጌታችንም ቁስሉን አልሸሸገበትም። እኔ ግን ቁስል በሚታሰብበት ቀን በቆሰለ ሰው ፊት ቆሜ ስለ ጥፋተኛው ጠየቅሁ። በቅዳሴ መካከል ሕዝቡ ሰላምታ እንዲለዋወጥ የማውጅ ዲያቆን፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሰው የሰላም ቃል አጣሁ።

ወገኖቼ፣ ያ ጥያቄ በራሱ ክፉ አይደለም። ዳኛ ሊጠይቀው ይገባል፤ ያጠፋም በሕግ ይጠየቅ። ነገር ግን ለተጎዳ ሰው የመጀመሪያ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ «ማዘኔን ከመስጠቴ በፊት ለማዘን የተገባህ መሆንህን አስረዳኝ» ማለት ነው። በወንጌላዊው ሉቃስ ምዕራፍ 10 ላይ ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ነገድህ ምንድን ነው፣ ለምን በዚህ ሰዓት ብቻህን ወጣህ አላለውም። ቁስሉን አሰረ፣ በእንስሳው ላይ ጫነው፣ ለማደሪያውም ከፈለ። ሁለቱ ሰዎች የአምልኮ ልዩነት ባላቸው ወገኖች መካከል እንደ ነበሩም አንርሳ።

ይህን ስል ሃይማኖታችንን እናቀላቅል ማለቴ አይደለም። እኛ የምናምነውን እናምናለን፤ እነርሱም የሚያምኑትን ያምናሉ፤ ያንን ልዩነት መሸፈን ፍቅር አይሆንም። በመቃብር አጠገብ ለቆመ ሐዘንተኛ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ለማለት ግን የሃይማኖት ስምምነት አያስፈልግም። በየሰፈራችን እድር አንድ ድንኳን ተክለን ስንቀባበር የኖርነው ይህን ስለምናውቅ ነው።

የጥላቻ እሳት በአንድ ቦታ ላይ አይቆምም። ከጎንደሩ ጥቃት በሁለተኛው ቀን በወራቤ የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በጎንደር የሞቱት የወራቤን ምእመናን አያውቋቸውም፤ የወራቤ ምእመናንም በጎንደር ድንጋይ አላነሡም። «የእነርሱ ሰዎች» የሚለው ቃል ግን የማይተዋወቁትን ባለ ዕዳ አደረጋቸው።

ከእኛ የቀደሙት ሌላ መንገድ አሳይተውናል። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች ወደ አክሱም ሲመጡ ክርስቲያኑ ንጉሥ አስጠለላቸው። በኋላ የቁረይሽ መልእክተኞች ገጸ በረከት ይዘው አሳልፈህ ስጠን ሲሉት ሁለቱን ወገኖች አዳምጦ እንቢ አለ። አስተውሉ፤ መጠጊያው ቀደመ፣ ጥያቄው ተከተለ። በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ወንድሞቻችን በሊቢያ በታረዱ ጊዜም ሙስሊም ወገኖቻችን ድርጊቱን አውግዘው አብረውን አልቅሰዋል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ክፉ ወሬ ወደ ስልካችሁ ሲመጣ በእናንተ ዘንድ ይቁም። «የእኛ» የምንለው ወገን በደል ሠራ ሲባል ለማስተባበል አትቸኩሉ። በሙስሊም ጎረቤታችሁ ላይ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ሂዱ፤ በሩን አንኳኩ፤ «ቤተሰብህ እንዴት ናቸው?» በሉ።

የጓደኛዬ እናት እኩለ ሌሊት ሲሆን ደወሉ። እርሳቸው ደኅና ነበሩ፤ የአጎቱ ልጅ ግን ቆስሎ ነበር። በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቅሁት። ማታም በማፍጠሪያው ሰዓት ከግቢ ጉባኤ ሦስት ሆነን ሙስሊም ተማሪዎቹ ወደ ተሰበሰቡበት ሄድን። የምንናገረው ብዙ አልነበረንም፤ እንደ አገራችን ልማድ ዝም ብለን ተቀመጥን። ልንነሣ ስንል ጓደኛዬ ፔርሙሱን አንሥቶ ሻይ ቀዳልኝ።

እግዚአብሔር አምላክ ለሞቱት ቤተሰቦች መጽናናትን፣ ለአገራችን ሰላምን፣ ለአንደበታችንም ጠባቂ ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር