ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን ስለ መጐብኘት

ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ገበያውና ስለ ቤተ መንግሥቱ ነው። እኔ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሌላ ጥያቄ ለምጃለሁ፤ ይኸውም «በዚህ አገር ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የሚታይበት ስፍራ አለን?» ማለት ነው። ሰዎቹ በመጀመሪያ ይስቃሉ፤ ኋላ ግን መንገዱን ያሳያሉ።

ሊቃውንት ይህን ድንጋይ ሜቴዎራይት ይሉታል። ሌሊት ኮከብ ተወረወረ የምንለው ብርሃን ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት እምብዛም ከማይበልጥ ነገር ይነሣል፤ እርሱም በአየር ላይ ነዶ ያልቃል። ከትልልቆቹ ግን አንዳንዱ ሳያልቅ ምድር ይደርሳል። ድንጋዩ የሚጠራው በወደቀበት ወይም በተገኘበት ስፍራ ስም ስለ ሆነ፥ መንገደኛ የሚሄድበትን አገር በሊቃውንቱ መዝገብ ቢፈልግ በዚያ የተገኙትን ያውቃል። ዳሩ ግን በአንድ መንደር የወደቀው ድንጋይ ዛሬ ባሕር ተሻግሮ በሌላ ከተማ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ወደ ቤተ መዘክሩ አስቀድሞ መጻፍና ድንጋዩ ለሕዝብ የሚታይ መሆኑን፥ የሚከፈትበትንም ቀን መጠየቅ ይገባል። ብዙዎቹ በመሳቢያ ተቈልፈው ለተመራማሪ ብቻ ይወጣሉና።

ብዙውን በአንድ ቀን ማየት የሚወድ ሰው ወደ ቪየና ይሂድ። በዚያ ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ከ1,100 በላይ ተደርድረው ይታያሉ። እኔ ግን ከመቶ ድንጋይ ይልቅ በአገሩ የቀረውን አንዱን እመርጣለሁ።

እንደዚህ ያለው ድንጋይ በፈረንሳይ አገር፥ በአልዛስ፥ ኤንሲስሃይም በምትባል ትንሽ ከተማ ይገኛል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1492 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር በ7ኛው ቀን ታላቅ ነጐድጓድ ተሰማ፤ ድንጋዩም በስንዴ እርሻ ላይ ወደቀ። ሲወድቅ ያየው አንድ ልጅ ነው። ክብደቱ 127 ኪሎ ያህል ነበረ። የከተማው ሰዎችም ወዲያው እየሸረፉ ይወስዱት ጀመር፤ ሹሙ ግን ከለከላቸው። ከጥቂት ቀንም በኋላ ንጉሥ ማክሲሚልያን በዚያ ሲያልፍ አየው፤ ለራሱ ቍራሽ ወስዶ የቀረው በቤተ ክርስቲያን እንዲጠበቅ አዘዘ። ዛሬ በከተማው ቤተ መዘክር ተቀምጦ ይታያል፤ ነገር ግን በየዘመኑ ከመሸረፉ የተነሣ ከግማሹ ያነሰ ብቻ ቀርቶአል።

በአፍሪካ ያሉት ታላላቆቹ ብረት ስለ ሆኑ ለመሸረፍ እንዲህ አይመቹም። በናሚቢያ አገር ሆባ በሚባል የእርሻ ቦታ አንድ ገበሬ በ1920 ዓ.ም. ሲያርስ ማረሻው ብረት ነክቶ ቆመ። ቢቈፈር 60 ቶን ያህል የሚመዝን ሆኖ ተገኘ፤ እስከ ዛሬም ከስፍራው ያነቃነቀው የለም። በታንዛኒያ ደግሞ፥ ከምቤያ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፥ 16 ቶን ያህል የሚሆነው የምቦዚ ድንጋይ አለ። የአገሩ ሰዎች በስዋሂሊ ኪሞንዶ ይሉታልና፥ መንገድ የሚጠይቅ በዚህ ስም ቢጠይቅ ይሻለዋል። እኔ በማለዳ ደርሼ መዳፌን ባኖርሁበት ጊዜ እንደ ወንዝ ውሃ ቀዝቅዞ ነበር። ከጫፉ ላይ በመጋዝ የተቈረጠ ስፍራ ይታያል፤ ይህም ለምርመራ የተወሰደ ነው። ከእኛ ጋር የነበረ አንድ መንገደኛ የዚህን ምልክት አይቶ፥ ጥቂት ቍራሽ በምን ዋጋ እንደሚገኝ ጠባቂውን ጠየቀው። ሽማግሌውም «ለአንተ ብሰጥ፥ ነገ ለሚመጣው እንግዳ ጕድጓዱን ላሳየው ነውን?» ብሎ መለሰለት። መንገደኛው ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ፤ ያንኑ ቍራሽ እመኝ ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን በኒው ዮርክ ከተማ በአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የሚገኘው አኒጊቶ ነው። ይህ ብረት 31 ቶን ይመዝናል። የቆመበት ድጋፍ የሕንፃውን ወለል በስቶ ከሥሩ ካለው ዐለት ላይ ያርፋል። ሕፃናት በነፃ ይዳስሱታል፤ እኔም ዳሰስሁት። በጥንት ዘመን በግሪንላንድ የሚኖሩ የኢኑዊት ሰዎች ከእርሱና አብረውት ከወደቁት እየቀጠቀጡ ለቢላዋና ለጦር የሚሆን ስለት ያወጡ ነበር፤ ብረት የሚያቀልጡበት ምድጃ አልነበራቸውምና። ሮበርት ፒሪ የሚባል አሜሪካዊ መንገደኛ በ1897 ዓ.ም. በመርከብ ጭኖ ወሰደው።

በዚያው መርከብ ስድስት ኢኑዊት ወደ ኒው ዮርክ መጡ፤ ከእነርሱም አንዱ ሚኒክ የተባለ ትንሽ ልጅ ነበረ። ብዙ ሳይቈዩ አራቱ በበሽታ ሞቱ፤ ከሟቾቹ አንዱ የሚኒክ አባት ነው። ልጁን ለማጽናናት የቀብር ሥርዓት ተደረገለት፤ የተቀበረው ግን አባቱ አልነበረም፤ አፅሙ ለምርምር ተብሎ በቤተ መዘክሩ ቀረ። ሚኒክ አድጎ እውነቱን ባወቀ ጊዜ አፅሙን ለመነ፤ ሳያገኝም በ1918 ዓ.ም. ሞተ። የአራቱ አፅም ወደ ግሪንላንድ የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ድንጋዩ ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ ሰማዩን ብቻ አልጠይቅም፤ በፊት ማን ዘንድ ነበረ ብዬም እጠይቃለሁ።

በዚያው ቤተ መዘክር ከኦሬጎን የመጣ ሌላ ብረት አለ፤ ዊላሜት ይባላል። የክላካማስ ሰዎች ቶማኖዎስ ብለው ይጠሩታል፤ እንደ ቅዱስም ያከብሩታል። በ2000 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ዘሮቻቸው በየዓመቱ መጥተው ሥርዓታቸውን በፊቱ ይፈጽሙ ዘንድ ተፈቅዶአል፤ ቤተ መዘክሩም ለሕዝብ ማሳየቱን ቢተው ድንጋዩ የእነርሱ ይሆናል። ወደዚያ ከተማ የምትሄድ ወዳጄ ሆይ፥ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ትችላለህ፤ በአኒጊቶ ፊት ግን ረዘም ያለ ጊዜ ቁም።