ያለ ሸክም የሚኬድበት መንገድ

ሠራተኛ እናት ከቤቷ የምትወጣው ወይ ወደ ሥራ፣ ወይ ወደ ገበያ፣ ወይ ወደ ለቅሶ ነው። ለጤንነቷና ለመንፈሷ ዕረፍት ብላ አንድ ሰዓት ብትራመድ ግን «ሥራ ፈታ ትዞራለች» መባሏ አይቀርም። ይህ ሐሜት ምን ያህል እንደሚያስረን ያሰብሁበት ባለፈው ነሐሴ ለሥራ ወደ እንጅባራ በሄድሁ ጊዜ ነው።

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው እንጅባራ ከፍታዋ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ናት። ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጐዳና አጠገብ፣ የዘንገና ሐይቅ ይገኛል። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ የተኛ ሲሆን ዙሪያውን ደን ከቦታል። በአካባቢው ያለው የእግር መንገድ የብዙዎች ነው። ጐብኚው ይዝናናበታል፤ ባለፈረሱ ያልፍበታል፤ እናቶችም ጭራሮ ተሸክመው ይመላለሱበታል።

ከእነዚህ እናቶች አንዷ ሸክማቸውን አሳርፈው ሲያርፉ አገኘኋቸውና፣ «እማማ፣ እንዲሁ ለመናፈስ ወደዚህ መጥተው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እንዳንቺ እጄን እያወዛወዝሁ ብሄድ አበደች ይሉኛል። ደግሞስ በዚህ ጭቃ!» አሉኝ።

በሁለት ቃል ሁለቱንም እንቅፋት ነገሩኝ። አንደኛው ይሉኝታ፣ ሁለተኛው ጭቃ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ጐልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ያስፈልጋል። «እኛ ስንለፋ ነው የምንውለው» የምትል እናት ልክ ናት። ይሁን እንጂ ከባድ ሸክም አንገትና ወገብ ይጐዳል፤ ለመንፈስም ዕረፍት አይሰጥም።

ጭቃውን በተመለከተ መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አገሩ ዝናባም በመሆኑ የፈረስ ኮቴ የረገጠው አፈር ይቦካል። ይህ ማለት ፈረስ ይከልከል ማለት አይደለም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብር ማኅበር ነው፤ ፈረስ ለአዊ ሕዝብ ክብሩ ነው። የሚያስፈልገው ለፈረስና ለእግረኛ መሄጃውን መለየት፣ የዝናቡን ውኃ ወደ ጐን የሚያወጣ ቦይ መቅደድ፣ መንገዱን ገረጋንቲ ማልበስ፣ ልጆች እንዳይንሸራተቱም በገደላማው በኩል ከአካባቢው ቀርቀሃ መደገፊያ መሥራት ነው። እንዲህ ከሆነ መንገዱ በጋ ከክረምት ያገለግላል።

ይሉኝታው ግን በገረጋንቲ አይጠገንም። እርሱን የሚያሸንፈው አብሮ መውጣት ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጐዳናዎች በእሑድ ለመኪና ሲዘጉ፣ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር በአስፋልቱ ላይ ሲዝናኑ ማንም «አበዱ» አላለም፤ ምክንያቱም ብዙ ነበሩ።

ስለዚህ የእንጅባራም ሆናችሁ የዳንግላ እናቶች፣ ከዕድርና ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችሁ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ተቀጣጥራችሁ ውጡ። አባቶችም በዚያች ሰዓት ቤቱን ይጠብቁ። ሴት ልጃችን እናቷን ባዶ እጇን ስትራመድ እያየች ካደገች፣ ነገ እርሷ ስትወጣ ፈቃድ የምትጠይቀው አይኖርም።