ትልቁ ውሻ በጀርባው የሚተኛው ለምንድን ነው?

ዛሬ ስለ ዶላር ምንዛሪም ስለ ምርጫም አልጽፍም። ስለ ውሻዬ ነው። ታግሣችሁ ጨርሱልኝ።

ውሻዬ መቻል ይባላል። ስሙን በስልክ ያወጣችለት ሀገር ቤት ያለችው እናቴ ናት። በእኛ ሀገር የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሰው ፊት ለፊት መናገር የከበደውን ነገር ውሻውን ሲጠራ ይናገረዋል።

ዝርያው ሴንት በርናርድ ነው። ሰባ ኪሎ ይመዝናል፤ ከእኔ ይበልጣል። የዝርያው ስም የመጣው በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ካለው የታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,469 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይርቅም። እዚያ ያሉ መነኮሳት በረዶ የዋጣቸውን መንገደኞች በውሾች ያስፈልጉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1800 እስከ 1814 የኖረው ባሪ ከ40 በላይ ሰው አድኗል ይባላል፤ ቆዳው ተሞልቶ ዛሬም በበርን ከተማ ሙዚየም ይታያል።

የምንኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። በጥር ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲደርስ እኛ በራችንን ዘግተን ቡና እናፈላለን። መቻል ግን በሩን በጥፍሩ ይቧጭራል። በረዶ ለእሱ ዓውደ ዓመት ነው።

መናፈሻው ውስጥ ጓደኞቹ ይጠብቁታል፦ አንዲት ጥቁር ላብራዶር፣ ባለ ሦስት እግር ክልስ ውሻ፣ እና ሹራብ የለበሰች፣ ከመቻል ጭንቅላት የማትበልጥ ቺዋዋ። ሲደርስ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን በረዶው ላይ ያሳርፋል፤ ጭራውን ይወዘውዛል። ከዚያ ያ ሁሉ አካል በጀርባው ይንጋለላል። ቺዋዋዋ ደረቱ ላይ ወጥታ ትጮኻለች፤ እንዳሸነፈች ያህል።

የእንስሳትን ጠባይ በማጥናት የታወቁት አሜሪካዊው ማርክ ቤኮፍ ስለዚህ ብዙ ጽፈዋል። ደረትን ዝቅ ማድረግ በውሻ ቋንቋ «የሚቀጥለው ሁሉ ጨዋታ ነው» ማለት ነው። ጉልበተኛው ጉልበቱን ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ወዶ ከታች ይሆናል። ይህን የማያደርግ አብሮት የሚጫወት ያጣል። መቻል ባለው ጉልበት ልጫወት ቢል በአንድ ደቂቃ ያሸንፋል፤ በማግስቱ ግን መናፈሻው ውስጥ ብቻውን ነው።

ይህን የምጽፈው በከተማችን ያለው ዕድር ከ2013ቱ ጦርነት በኋላ ለሁለት ስለተከፈለ ነው። ክርስትና አብረን የበላን ሰዎች ሱቅ ውስጥ ስንተያይ መደርደሪያ እንቀይራለን። እያንዳንዱ ወገን ትልቁ እኔ ነኝ ይላል፤ የቆሰለውም እኔ ነኝ ይላል። ቀድሞ ዝቅ የሚል ግን የለም።

ባለፈው ዓመት የአንዱ «የወዲያኛው ወገን» ሰው ልጅ ከኮረብታው በበረዶ መንሸራተቻ ስትወርድ መቻል ላይ አረፈች። አባትየው በድንጋጤ ሮጦ መጣ። ልጅቷ የውሻውን አንገት አቅፋ ትስቃለች። ለአራት ዓመት አልተነጋገርንም ነበር።

«ስሙ ማነው?» አለኝ።

«መቻል።»

ትንሽ ዝም አለና «ለእኔ ነው ያወጣኸው ወይስ ለራስህ?» አለ። ሁለታችንም ሳቅን።

ታረቅን ማለት አይደለም። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ ዕድሩም እንደተከፈለ ነው። ግን በረዶ በጣለ ቅዳሜ ሁሉ «መቻል ይወጣል?» የሚል መልእክት ይልክልኛል። እንወጣለን። ልጆቹ ይጫወታሉ፤ እኛ እጃችንን ኪሳችን ከትተን እንቆማለን። አንዳንዴ ስለ እናቶቻችን ጤና እንጠያየቃለን።

ሥልጣን ወይም መሣሪያ ይዞ፣ ወይም ቁጥሩ በዝቶ ዝቅ ማለትን እንደ ውርደት ለሚያይ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ አሸናፊ መሆን ቀላል ነው፤ በማግስቱ አብሮህ የሚወጣ ሰው ማግኘት ነው ከባዱ።

መቻል ሰባት ዓመት ሞልቶታል። የዝርያው ዕድሜ ባብዛኛው ከ8 እስከ 10 ዓመት ነው። ዘንድሮ በጀርባው ከተኛ በኋላ ለመነሣት ይቸገራል፤ የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ላብራዶሯም፣ ባለ ሦስት እግሩም፣ ትንሿ ቺዋዋም ሩጫቸውን አቁመው ይጠብቁታል። ዕድሜውን ሙሉ ሲተኛላቸው የኖረውን እንዴት ጥለውት ይሮጣሉ?