ብልጭልጩ ሲፋቅ

በአሜሪካ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። እኔ በምሠራበት ደንብ በ8 ቀን ውስጥ 70 ሰዓት ሥራ ላይ የቆየ ሾፌር ሳያርፍ መንዳት አይፈቀድለትም፤ 34 ሰዓት በተከታታይ ካረፈ ግን ቆጠራው ከዜሮ ይጀምርለታል። ትዳሬም ለብዙ ጊዜ በእነዚያ 34 ሰዓታት ውስጥ የታጨቀ ነበር። ከዚያ ላይ እንቅልፍና የእሑድ አምልኮ ሲቀነስ ለባለቤቴ የሚተርፋት ጥቂት ነው።

አንድ ቅዳሜ አንድ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ውስጡ እየተገጣጠመ የሚሠራ የፕላስቲክ መኪና ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1987 የተመረተው፣ አፍንጫው ረጅሙ ፒተርቢልት 359።

“ከመኪና ካልተለየህ እኔም አብሬህ ልቀመጥ ብዬ ነው” አለችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም።

መጠኑ ከእውነተኛው 25 ጊዜ ያንሳል፤ አንዱ ሜትር 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እኔ ሻንሲውን፣ እርሷ ጋቢናውን ያዝን። የዚህ ሥራ ማጣበቂያ እንደ ተራ ሙጫ በመካከል ገብቶ የሚይዝ አይደለም። የሁለቱንም ፕላስቲክ ፊት በጥቂቱ ያቀልጠዋል፤ ቀልጠው ይዋሐዳሉ፤ ሲደርቅም አንድ አካል ይሆናሉ። ባለቤቴ “ይህማ ዘፍጥረት 2፥24 ነው!” አለች።

ማርሚታዎቹ ግን እምቢ አሉ። ክሮም ቅብ ስለሆኑ እንደ መስታወት ያበራሉ። ማጣበቂያ ጨምሬ ይዤ ቆየሁ፤ ስለቃቸው ወደቁ። ባለቤቴ መመሪያውን አነበበችው። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን እንጂ ክሮሙን ስለማያቀልጥ፣ በሚጋጠሙበት ቦታ ቅቡ መፋቅ አለበት።

“እንዲህ የሚያምረውን እንፋቀው?” አልኳት።

“ካልያዘ ማማሩ ምን ያደርጋል?” አለችኝ።

ምላጩን አንሥቼ መፋቅ ስጀምር እጄ ቆመ። ለሞተር ጥገና ብዬ የተበደርኩትን ገንዘብ 7 ወር ሙሉ ደብቄአት ነበር። እሑድ እሑድ ሙሉ ልብስ ለብሼ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ምእመናንን የምቀበል እኔ ነኝ። “እንዴት ናችሁ?” ሲሉን “ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን” እላለሁ። ያንኑ የሚያበራ ፊት ይዤ ቤቴም እገባ ነበር። ታዲያ ባለቤቴ በምኔ ትጣበቅ?

በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ያ አንድ ሰዓት ከነዳሁት መንገድ ሁሉ ረዘመብኝ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። “ያስለቀሰኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም” አለች፤ “እኔ እያለሁ 7 ወር ብቻህን መቆየትህ ነው።” ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ተንበርክከንም አብረን ጸለይን።

ዕዳው በአንድ ጸሎት አልተከፈለም። አሁንም በየወሩ እንከፍላለን፤ ደረሰኙን የምትይዘው ግን እርሷ ናት። አመኔታዋም ቢሆን ቀስ በቀስ ነው የተመለሰልኝ፤ የተጣበቀ ነገር እስኪደርቅ ድረስ በትዕግሥት ተይዞ እንደሚቆይ ማለት ነው።

መኪናው ዛሬ ሳሎናችን መደርደሪያ ላይ ቆሟል። ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ከማርሚታው ሥር የተፋቀው ቦታ ይታያል። አልቀባነውም።

ውድ ባለትዳሮች፣ ጌታ እንደሆነ ከቅቡ ሥር ያለውን አስቀድሞ ያውቀዋል። የትዳር ጓደኛችንስ ያውቀዋልን?